ጄቶኑ ወደቀ

ካርሺያካ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ቤት
ያንኑ ቀመር ለትውልድ ሁሉ ስፈታበት፣ ስቋጥርበት፣
ገባችሁ ወይ ለማለት ሁልጊዜ የምለው
«ጄቶኑ ወደቀ?» ነበር፤ የኢዝሚር ልጅ መች ሊያጣው።

ዛሬም እንደ ልማዴ፣ ሰሌዳው በቁጥር ሞልቶ፣
የጠመኔው ብናኝ ከጣቴ እስከ ክርኔ ወጥቶ፣
ዞሬ «ልጆች፣ ጄቶኑ ወደቀ?» ብዬ ስጠይቅ
ሃያ ስምንት ፊት ዝም። አንድ እንኳ የለም የሚስቅ።
ቱአና ብቻ ጎንበስ ብላ ከወንበሯ ሥር ፈለገች፤
«ሆጃም፣ ምን ወደቀብዎት? የጆሮ ጌጥ ነው?» አለች።

ጠመኔውን አስቀመጥሁ። ቀመሩም ይቆይ አልሁ።
ስለ ስልክ፣ ለስልክ ልጆች፣ እንደ ተረት አወራሁ፦

«ጎዳና ዳር ስልክ ነበር፣ በመስታወት ቤት የቆመ፣
ጄቶን ካላጎረሱት አፉን እንደ ገጠመ።
ትንሽ ክብ ናስ ናት፣ መሐሏ ላይ ቦይ ያላት፣
ከፖስታ ቤት ገዝቼ በመሐረቤ የምቋጥራት።
አንዳንዴ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅራ ትዘገያለች፤
በቡጢ ሲሉት ‹ቀጭ!› ትልና መስመሩን ትከፍታለች።
እንግዲህ ነገር ዘግይቶ የገባው ሰው ሲገኝ...
‹አሁን ወደቀ ጄቶንሽ፣ ፔሪሃን!› ትል ነበር እናቴ ስትስቅብኝ።»

ቱአና እጇን አነሣች። «ግን ሆጃም፣ ለምን መንገድ ላይ?
የእርስዎ ስልክ ያን ቀን ባትሪ ጨርሶ ነበር ወይ?»

በቅንነት ነው፣ ከልቧ። ፌዝ ቢሆን በቀለለኝ፤
ለፌዝ መልስ አላጣም፤ የዋህነቷ ነው የረታኝ።
ዑራዝ ደግሞ ሊረዳኝ፦ «‹ተጫነ?› ቢሉን ይሻላል፤
ክቡ ሲዞር፣ ሲዞር ቆይቶ፣ ሲሞላ ይከፈታል።»

ተጫነ።
እሺ። ተጫነ።

ነዚሄ ሃኒም ትዝ አሉኝ፤ ልጅ ሳለን ያስተማሩን፣
«አንድ ኦካ ራስ፣ ግማሽ ድርሃም ልብ!» እያሉ የሚገሥጹን።
ኦካን ማን ያውቀዋል? እኛ በኪሎ ነው የተወለድነው፤
ሐብሐቡ በኪሎ፣ ዓሣው በኪሎ፣ ሚዛን የምንለው ያንን ነው።
ከኋላ ወንበር የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። እሳቸው
ዝም አሉ። ያን ቀን ብዙ ጊዜ ፈጀ መነጽራቸው
እስኪጠረግ።
ምን ቢቆሽሽ ነው? ብዬ ነበር። ያች የናስ ክብ ታዲያ
ዐርባ ስድስት ዓመት ተሰንቅራ ኖራለች እዚያ።

ማታ ወደ ኮናክ ስሻገር፣ በመርከቡ መግቢያ በር
ካርዴን አስጠጋሁ፣ ጢጥ አለ። እዚህም ጄቶን ነበር።
ነፋሱ ከባሕረ ሰላጤው ነው፣ የላይኛው ወለል ቀዝቅዟል፤
አንዱ ጎረምሳ ተነሥቶ «ይቀመጡ፣ አክስቴ» ይላል።
ወደ ኋላዬ ዞርሁ፦ አክስትየዋ የት አለች?
ባሕር ብቻ ነው። ከውስጤ አንዲት ነገር ‹ቀጭ!› አለች።

ተጫነኝ፣ ዑራዝ ልጄ። ልክ ነህ፤ ቃልህ ያምራል፤
ዕድሜ ሲዞር፣ ሲዞር ይቆይና በአንድ ምሽት ይጫናል።

ረቡዕ ከልብስ ስፌት ቆርቆሮዬ አንዷን ጄቶን አመጣሁ፤
ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፤ ሲያሸቷት፣ ሲነክሷት ዐየሁ።
ቱአና ከጆሮዋ አስጠጋቻት፣ የምትደውል መስሏት ይሆን?
ዑራዝ ሽቅብ ወርውሮ፣ ሊቀልባት ሲዘረጋ መዳፉን
ሳታት። ተንከባለለች፣ ማሞቂያው ሥር ገባች፣ ቀረች።
ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ፦ «ሆጃም፣ ጄቶኗ ወደቀች!»

«አውቃለሁ» አልሁ። «ገጽ ስልሳ ሁለት ግለጡ።»